አማቼ የሰሟቸው፣ እኔ ያየኋቸው ወፎች

አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ቤታችን የገቡት ከማማ ላይ ወድቀው ነው። እብናት ቆላው ጫፍ ላይ ባለች ማሳቸው፣ ማሽላው ሊደርስ ሲል፣ እንደ ዘወትር ልማዳቸው ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ሲጠብቁ ተንሸራተቱ። አገሬውን የገረመው ግን መውደቃቸው አልነበረም። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ከተሸፈነ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ባለቤቴ ሊያመጣቸው ሄዶ «ኧረ አባባ፣ ሳያዩ እንዴት ወፍ ይጠብቃሉ?» ቢላቸው ተቆጡ። «ወፍ በጆሮ እንጂ በዓይን ይጠበቃል? በዓይን የጠበቀ ሁሉ ማሽላውን አስበልቷል። ሂድና የጎረቤቱንም የኔንም እይ!» ሄዶ አየ። እውነትም የሳቸው ይሻል ነበር።

ደብረ ታቦር እንደገቡ፣ ወለም ያለው እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እኔንና ልጃቸውን አስጠሩን። «ስሙኝ» አሉ። «ዕውር ቢጦር ነውር የለውም። የሚያይ ሰው ግን በልጁ ቤት አይጦርም። ዓይኔ የበራ ለት አንዲት ቀን አላድርም፤ አገሬ እገባለሁ።» በማግስቱ ሆስፒታል ወስደን አስመዘገብናቸው። ሞራ የሚገፍፉት ሐኪሞች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የሚመጡት፤ «ተራቸው ሲደርስ እንደውላለን» ብለው የኔን ስልክ ጻፉ። ከዚያ ባለቤቴ ወደ ሥራው ተመለሰ። የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ቤቱን የሚያየው በወር አንዴ ቢሆን ነው። እኔና አማቼ ተፋጠጥን።

እውነቱን ልናገር፤ ያ ስልክ ቶሎ እንዲደወል ከሳቸው ይልቅ የጸለይኩት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፤ ቢያንስ እንደዚያ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ጫጫታ ስሰማ ውዬ ቤቴ ስገባ የምፈልገው ጸጥታ ነው፤ ከጸጥታም ሁሉ የጠዋቱን፣ የጓሮዬን።

ጓሮዬ የሚያስጎመጅ ነገር የለውም። ጥቂት ጌሾ፣ አንድ ብሳና፣ ቀይ አበባ የሚያወጣ ሬት፣ ቀጋና ግራዋ የተጠላለፉበት አጥር፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ሳይተክላት የበቀለች ወፍ ዘራሽ ወይራ። ትንንሽ ወፎች ግን ይወዱታል፤ እኔም እነሱን እወዳለሁ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር አግኝቼ ገዛሁ፤ አንዱ ዓይኑ ደብዛዛ ነው። የወፎቹን ስም የሚነግረኝ ሰው አጣሁ፤ ሁሉም «ድንቢጥ ናት» ብሎ ይገላገለኛል። ስለዚህ ራሴ አወጣሁላቸው። ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበባት ቢጫዋ «ባለመነጽሯ» ናት። ሬቱ አበባ ላይ ተንጠልጥላ የምትመጠው፣ ፀሐይ ሲያገኛት የምታብለጨልጨው «ቀማሿ»። ጅራቷን ወደ ላይ ቀስራ የምትዘለው «ኩራተኛዋ»። ይህን የሰሙ ባልደረቦቼ «ከምትደክሚ ዶሮ ብታረቢ አይሻልም? እንቁላሉም ይተርፍሻል» ይሉኛል።

አማቼ በመጡ በሁለተኛው ቀን ንጋት ላይ፣ ገና ወፍ መንጫጫት ሲጀምር፣ ከጓሮ በር «እሽሽ! ሃይ! ሃይ! ሂድ አንተ!» የሚል ጩኸት ቤቱን አናጋው። በባዶ እግሬ ሮጬ ወጣሁ። አማቼ በሩን ተደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ከዘራቸውን ወደ ጌሾው ያወናጭፋሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሐጂ ከሶላት መልስ ነበሩ። ሌባ የገባ መስሏቸው ዱላ ይዘው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው? ያዛችሁት?»

«ወፍ ነው» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

«ወፍ?» አሉና ሳቃቸውን በፎጣቸው ሸፍነው ተመለሱ።

አማቼ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ደረታቸውን ነፍተዋል። «ጌሾሽን ሊጨርሱልሽ ነበር ልጄ።»

«አባባ፣ ወፍ ጌሾ አይበላም!»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ?»

እሳቸው ባደጉበት አገር ወፍ ለመብላት ካልሆነ ለምንም አይመጣም። በማግስቱም ጮኹ፤ በሦስተኛውም ቀን። እንቅልፍ እያንጎላጃቸው እንኳ ድንቢጥ «ጭው» ካለች እጃቸው ብቻውን ይነሳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጓሮዬ ባዶ ቀረ። አንድ ጠዋት የመጨረሻዎቹ ባለመነጽሮች ከብሳናው ተነስተው ወደ ሐጂ ግቢ ሲበሩ አየሁና ቱግ አልኩ።

«እዚህ የሚጠበቅ ማሽላ የለም አባባ! ማሽላዎ እብናት ቀርቷል!»

ከአፌ እንደወጣ ቆጨኝ። እሳቸው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በሩን በእጃቸው እየዳበሱ ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጓሮ አልወጡም። እህልም ቀነሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ይቅርታ ብጠይቃቸው «ምን አጠፋሽ ልጄ» ብለው ወሬውን ዘጉት። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የቀረቻቸውን አንዲት ሥራ ነጠቅኳቸው። ወፎቹ ተመለሱልኝ፤ እኔ ግን ሳያቸው ደስ አላለኝም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብሳናው ውስጥ የምትዘምር ወፍ እፈልጋለሁ። ድምጿ ጓሮውን ሞልቶታል፤ እሷ የለችም። መነጽሬን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሳዞር አንገቴ ደነዘዘ። «የት አባሽ ገብተሽ ነው?» እያልኩ ስነጫነጭ ከኋላዬ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት፣ የአማቼ ድምፅ መጣ።

«ላይ ላዩን አትፈልጊያት። ከግንዱ በስተግራ፣ ከራስሽ ክንድ ያህል ከፍ ብላ ናት። አሁን ዞራለች፤ ጀርባዋን ሰጥታሻለች።»

መነጽሬን ወዳሉኝ ቦታ ወሰድኩ። ነበረች። ጀርባዋን ሰጥታኝ።

«በምን አወቁ?»

«ስትዞር ድምጿ ይሰልላላ። አርባ ዓመት ማማ ላይ ምን የምሠራ መሰለሽ?» ከዚያ ቀስ ብለው «ምን ለብሳለች?» አሉኝ።

መልኳን መጠየቃቸው መሆኑ ወዲያው አልገባኝም። «ቡናማ ናት» አልኳቸው። «ደረቷ ነጣ ይላል። አውራ ጣቴን ብታህል ነው።»

«አውራ ጣት? ይኼን ሁሉ ጩኸት?» ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «ከኛ ቀበሌ ሊቀ መንበር ባሰች!»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሁለታችን ሥራ ሆነ። አግዳሚ ወንበር ጓሮ በር ላይ አወጣሁ። እሳቸው ይሰማሉ፤ ፊታቸው ወደ ድምፁ ይዞርና ከዘራቸውን አቅንተው ያሳዩኛል። እኔ ፈልጌ አገኛታለሁ፤ የለበሰችውን እነግራቸዋለሁ። «ወፍ አትፈልጊ» ይሉኛል፤ «ያለ ነፋስ የሚነቃነቅ ቅጠል ፈልጊ።» እየበላች የምታሰማው ድምፅ ሌላ፣ ጭልፊት አይታ የምታሰማው ሌላ፣ ለመሄድ ስትነሳ የምታሰማው ሌላ መሆኑን ያወቅኩት ከሳቸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ወፍ አያለሁ ስል አንዲት ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሳቸውም በቀለም ነገር ቀልድ አያውቁም። «አረንጓዴ ብቻ አትበይኝ። የምን አረንጓዴ? የባቄላ ቅጠል ነው ወይስ የጤፍ ቡቃያ?» እኔም እንደገና መነጽሬን አነሳለሁ። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም።

አንዳንዴ ይረሱና «እሽ» ሊሉ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከዚያ በእጃቸው ይይዙታል። «አርባ ዓመት ያባረርኳቸውን አንቺ መጡ አልመጡ እያልሽ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያቸዋለሽ» ይላሉ። «እንዲህ ያለ እብደት ሰምቼ አላውቅም። ነይ፣ ያቺ ቀጋው ውስጥ ያለችው ማን ናት?» የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ከተማሪዎቼ እኩል ወደ በር የምሮጥ ሆንኩ። ቤት ስገባ ውሏቸውን ይነግሩኛል፤ የትኛዋ በስንት ሰዓት መጣች፣ የትኛዋ ከየትኛዋ ተጣላች። እየወደድኳቸው መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሳልዘጋጅበት መጣብኝ።

መጋቢት ላይ፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን፣ «ሐኪም ሳይነካኝ በፊት ጠበል ልጠመቅ» አሉኝና ጣራ ገዳም ወሰድኳቸው። ጠበሉን ተጠመቁ፤ ስንመለስ ከጫካው መሃል ቆሙ። ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፈፍ አደረጉ።

«ስንት ድምፅ ትሰሚያለሽ?»

«ተደባልቆብኛል አባባ። ሁለት ይሆናል?»

«ስድስት ናቸው።» አንድ በአንድ በከዘራቸው አሳዩኝ፤ ከወይራው፣ ከጽዱ፣ ከቁጥቋጦው ሥር። ግማሽ ሰዓት ያህል ተንጠራርቼ ሁለቱን ብቻ አገኘሁ። አንዷን ሲሰሙ ግን ከዘራቸው ባለበት ቀረ። «ይቺ የኛ ናት» አሉ። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይላሉ፤ ይቺ ግን እዚህም እዚያም ያው ናት። ስንቴ በወንጭፍ ስቻታለሁ መሰለሽ።» ዳገቱን ስንወርድ ክንዴን አጥብቀው ይዘውኝ ነበር። አገራቸው ናፍቋቸዋል ብዬ ልቤ ፈራ። መሄጃቸውን ስፈራ ያን ለት የመጀመሪያዬ ነው።

ስልኩ የተደወለው ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ነው። «ሐሙስ ጠዋት ይዘዋቸው ይምጡ» አለችኝ ነርሷ። አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁ። እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የቆላው ማሽላ ዘር ሊደርስ ነው፤ በየቀኑ «ዘንድሮ ለዘር እደርስ ይሆን?» ይላሉ። ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሰኞም ዝም አልኩ፤ ማክሰኞም። ወጥ አሳመርኩ፤ እግራቸውን በሞቀ ውሃ አጠብኩ፤ የሌባ ደግነት። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከብርሃን አስቀርቼ፣ ያውም ወፍ አብሮ ለማየት! ለጎረቤት ቢነገር ማን ያምናል?

ረቡዕ ጠዋት አላስቻለኝም። «አባባ፣ ሐኪሞቹ መጥተዋል። ተራዎ ነገ ነው።»

«እሰይ! መቼ ደወሉ?»

«እሑድ።»

ፊታቸው ወደኔ ዞረ። «እና ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«ካዩ ይሄዱብኛላ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እኔ ቀስ ብዬ የምናገረው ነገር የለም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዓይንዎ እንዲበራ እፈልጋለሁ። እንዲሄዱ ግን አልፈልግም።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ቆዩ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» አሉ። «ብያለሁ። ቤቱስ ባዶ ነው፤ ሚስቴም የለች። ግን ዓይን ያለው ሰው የልጁን እንጀራ ቁጭ ብሎ ቢበላ አገሬው ምን ይለኛል? እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ?»

ሐሙስ ግራ ዓይናቸውን ገፈፉላቸው፤ ቀኙ ለሌላ ጊዜ ተባለ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሐኪሙ ጣቶቹን ዘርግቶ «ይህ ስንት ነው?» አላቸው። የአማቼ ፊት ወደ ጣቶቹ ሳይሆን እኔ ወደቆምኩበት ዞሮ ነበር። «ጭላንጭል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጥላ ጥላ ይለኛል።» ሐኪሙ በመብራት አየና «ሥራው ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ቀስ እያለ ነው የሚጠራው» ብሎ ጠብታና ጥቁር መነጽር ሰጠን። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤት ስመልሳቸው እንባዬ መጣ። ከእንባው ሥር ግን አንድ የቀለለኝ ነገር ነበር፤ ለሱም አፈርኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በቀን ሦስቴ ጠብታ አደርግላቸዋለሁ። «ዛሬስ?» ስላቸው «ያው ጭላንጭል» ይላሉ። እጃቸውን ይዤ ወደ አግዳሚው አወጣቸዋለሁ፤ ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አስይዛለሁ። ባለቤቴ በየቀኑ እየደወለ «ለዘር ይደርሱ ይሆን?» ይለኛል።

ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ካደረ በኋላ ባለው ጠዋት፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠናል። እኔ በቀኛቸው በኩል ሆኜ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ጓሮው ጭር ብሏል፤ አንድም የሚጮኽ ወፍ የለም። ቀና ስል አንዲት ግራጫ ወፍ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አየሁ። ይቺን አውቃታለሁ። ዝምተኛ ናት። ገመድ ላይ ሆና ለዝንብ ታደባለች፣ መሬት ወርዳ ትለቅማለች፣ ተመልሳ ትወጣለች፤ ስትወርድም ስትወጣም ክንፏ እንኳ ድምፅ የለውም። አማቼ ስለማይሰሟት ከዚህ በፊት ስለሷ አውርተን አናውቅም። ልነግራቸው ወደሳቸው ዞርኩ።

ወፏ ወደ መሬት ወረደች። የአማቼ አገጭ አብሯት ወረደ። ወፏ ወደ ገመዱ ተመለሰች። የአማቼ አገጭ ቀና አለ። ወደ አጥሩ በረረች፤ ፊታቸው ተከተላት፤ ወደ ገመዱ ስትመለስም አብሯት ተመለሰ። የሳቸው ፊት ከድምፅ በኋላ እንጂ ያለ ድምፅ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። የሚያየው ዓይናቸው በወዲያኛው ጎን ስለሆነ እኔ እንደማያቸው አላወቁም። ከጥቁሩ መነጽር ሥር እንደ ልጅ ፈገግ ብለዋል።

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «ዓይኔ የበራ ለት» ያሉት ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያዩ በእጄ ተመርተዋል። እያዩ ብርጭቆውን እስካስይዛቸው ጠብቀዋል። ማንም እንዲመራቸው የማይወዱት ሰው፣ የሚቆዩበት ሌላ መንገድ ስላጡ፣ ዕውር መባሉን መረጡ። አንጀቴን በሉት።

«ዛሬ ጓሮሽ ዝም አለ» አሉ። «አንድም ወፍ የለ እንዴ?»

«አንድ አለች። ገመዱ ላይ ናት።»

«ምን ለብሳለች?»

ጠባዬ አላስቻለኝም። «ቀይ» አልኳቸው። «ደማቅ ቀይ፤ እንደ በርበሬ።»

ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እሰይ፤ እንዴት ታምር ይሆን» አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ነው። «የአባባ ዓይን እንዴት ሆነ? የዘሩ ጊዜ ሊያልፍ ነው። የሚያዩ ከሆነ ነገ መኪና ልላክ?» ድምፁ ከስልኩ ውጪ ይሰማል። አማቼ ወደ ገመዱ እንዳዩ ደርቀው ቀሩ። ወፏ ሄዳለች፤ እሳቸው ግን ባዶውን ገመድ ያያሉ።

«ገና ናቸው» አልኩት። «ጭላንጭል ብቻ ነው። ለዘንድሮ ዘር አይደርሱም።»

ስልኩን ዘጋሁ። አማቼ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሳይዳብሱ፣ በቀጥታ እጄን ያዙኝ።